ራስ አበበ አረጋይና የአገር ውስጥ ጸጥታ ጥበቃ

መንግሥት አገሩን የሚጠብቅባቸው ክንዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጠላት ከውጭ በመጣ ጊዜ ወሰን ላይ ቆሞ የሚመልሰው ወታደር ነው። ሁለተኛው በሰላም ቀን በገበያና በመንገድ፣ በቀንና በሌሊት፣ ሰው ከሰው እንዳይበዳደል የሚጠብቀው ፖሊስ ነው። ሁለቱም ጠመንጃ ቢይዙ፣ ሁለቱም ደመወዛቸውን ከአንድ ግምጃ ቤት ቢቀበሉ፣ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። ወታደር የሚሠለጥነው በፊቱ ያለው ሰው ጠላት ነው ተብሎ ነው፤ ፖሊስ ግን በፊቱ ያለው ሰው ጥፋተኛ እንኳ ቢሆን ወገኑ ነውና ይዞ ወደ ዳኛ ከማቅረብ በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም። ይህ ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ላይ ሲውል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ግን ከራስ አበበ አረጋይ ሕይወት ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ በአገራችን ታሪክ ጥቂት ነው። እኒህ ሰው የፖሊስ አዛዥ፣ የአርበኞች መሪ፣ አገረ ገዥ፣ የጦር ሚኒስትር፣ የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋልና ሁለቱንም ክንድ በእጃቸው ይዘው አይተዋል።

ከስድስት ኪሎ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚሄድ ሰው የአሜሪካንን ኤምባሲ አልፎ ከጉለሌዋ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። ይህ ሰፈር ዛሬ የሚታወቀው በሸማኔዎቹና በአገር ልብስ ገበያው ነው፤ የጥበቡ ቀሚስና ነጠላው በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ ሲታይ በዚህ ስፍራ ጦር ያለፈበት አይመስልም። ነገር ግን ከዚያ በላይ ያለው ዳገት የእንጦጦ ዳገት ነው፤ ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሁሉ፣ ንጉሥም ቢሆን ወታደርም ቢሆን፣ ይህን ተዳፋት ወርዶ ነው የሚገባው። የራስ አበበም ዕድል ከዚህ የከተማው ሰሜናዊ በር ጋራ ደጋግሞ ተገናኝቷል።

ራስ አበበ የተወለዱት በ1895 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ አባታቸው አፈ ንጉሥ አረጋይ፣ እናታቸውም የታላቁ የጦር አበጋዝ የራስ ጎበና ዳጬ ልጅ ወይዘሮ አስካለ ጎበና ናቸው። እንግዲህ በአባታቸው በኩል ፍርድን፣ በእናታቸው በኩል ጦርን ወርሰው ተወለዱ ማለት ይቻላል። በኢጣልያ ወረራ ዋዜማ ማዕረጋቸው ባላምባራስ ሲሆን ሹመታቸው የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥነት ነበር።

በዚያን ዘመን ፖሊስ የሚባለው ነገር በአገራችን ገና እንግዳ ነበር። በገጠር ሌባ የጠፋ እንደ ሆነ ሕዝቡ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እስኪናገር ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። ሌባ ሻይ የሚባለውም ልማድ ነበረ፤ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ የገባበት ቤት ጌታ ሌባ ነው እየተባለ ብዙ ንጹሕ ሰው ስለ ተጎዳበት በኋላ ተከለከለ። ሽፍታ የበረታ እንደ ሆነ ደግሞ ነጭ ለባሹ ይከተት ነበር። በዋናው ከተማ ግን ይህ ሁሉ አይሠራምና የአራዳ ዘበኛ የሚባለው ተቋቋመ። ከልዩ ልዩ አገር የመጣ፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ አውጫጭኝ ማን ከማን ጋራ ይቀመጣል? የአራዳ ዘበኛም ቀስ በቀስ እየተሻሻለ በባላምባራስ አበበ ዘመን የፖሊስ መልክ ይዞ ነበር፤ ቢሆንም ቁጥሩ ጥቂት፣ ልምዱም አጭር ነበረ።

የዚህ ጥቂት ኀይል ፈተና በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ውጭ ሄዱ፤ የኢጣልያ ጦር የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለከተማው የመከራ ጊዜ ሆነ። ከማይጨው የተመለሰው ወታደር ተበታትኖ ጠመንጃውን እንደ ያዘ በየመንገዱ ነበረ፤ የሚያዘው አለቃ አልነበረም፤ ሥንቅም አልነበረውም። ሱቆች ተዘረፉ፣ ቤቶች ተቃጠሉ፣ የቤተ መንግሥቱም ዕቃ ተበዘበዘ፣ ብዙ ሰው ሞተ። የውጭ አገር ሰዎች ወደየሌጋሲዮናቸው ሸሹ፤ የአሜሪካን ሌጋሲዮን ራሱ ተደብድቦ ከሰዎቹ ከፊሉ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ተጠለሉ። ያን ቀን ከተማውን የዘረፈው ባዕድ አልነበረም። ትናንት ለአገሩ ሊሞት የዘመተ ሰው፣ አዛዥና ሕግ ከላዩ ሲነሣ፣ በሦስት ቀን ውስጥ የወገኑን ደጅ ሰባሪ ሆኖ ተገኘ። ፖሊስ ከበስተኋላው መንግሥት ከሌለ ብቻውን ከተማ መጠበቅ እንደማይቻለው ባላምባራስ አበበ በዓይናቸው አዩ።

ጠላትም በቀረበ ጊዜ ለመገዛት አልፈቀዱምና ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሸዋ ወጡ። ጅሩ፣ መንዝና መርሐ ቤቴ ለአምስት ዓመት መኖሪያቸው ሆኑ። ገና ሁለት ወር ተኩል እንዳለፈ ከሰላሌው ከደጃዝማች አበራ ካሣ፣ ከደጃዝማች ፍቅረ ማርያምና ከሌሎችም ጋራ ተመካክረው ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ዘመቱ። ክረምቱ በርትቶ ወንዙ ሁሉ ሞልቶ ነበር። ከሰሜን የመጣው ሠራዊት የእንጦጦን ተዳፋት ወርዶ ወደ ከተማው መካከል ዘልቆ ገባ፤ ነገር ግን በልዩ ልዩ አቅጣጫ የመጡት ጦሮች በአንድ ሰዓት ሊገናኙ ስላልቻሉ መትረየስና አውሮፕላን መለሳቸው። በማግሥቱ ሐምሌ 22 ቀን ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው የሰማዕትነትን አክሊል ተቀበሉ። ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው ደጃዝማች አስፋ ወሰንም በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. ምሕረት ተሰጥቷችኋል ተብለው ከገቡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ከዚህ በኋላ ባላምባራስ አበበ የጠላትን ቃል አምነው አልገቡም።

ኢጣልያኖች በበኩላቸው የከተማውን ጸጥታ እናስከብራለን ባዮች ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ ያደረጉት ግን የሚታወቅ ነው። ጥፋተኛውን ፈልጎ ለዳኛ ማቅረብ ቀርቶ ጥቁር ሸሚዝ ለባሹን በሕዝቡ ላይ ለቀቁት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ከነቤቱ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ለሰላሙ ጉባኤ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነበር። በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ መጀመሪያም ከአርበኛው ጋራ የሚጓዙ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት በመንዝ ዘረት ዋሻ ተጠግተው ሳሉ በመርዝ ጋዝና በመትረየስ ፈጇቸው። የኢጣልያ ሹማምንት ለዚህ ሁሉ የሰጡት ስም ጸጥታ ማስከበር የሚል ነበር። እንዲህ ያለው ጸጥታ አርበኛውን አበዛው እንጂ አላሳነሰውም።

በ1932 ዓ.ም. ጀኔራል ናሲ በእርቅ ስም ሊያስገባቸው ብዙ ደከመ። እርሳቸውም የሚገቡ መስለው እየተላላኩ ቀጠሮ አስረዘሙ፤ በዚያም ጊዜ ሥንቅና መሣሪያ አዘጋጁ፤ ቀኑ በደረሰ ጊዜ ቀሩ። ራስ የሚለውን ማዕረግ ያገኙት በዱር ሳሉ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከተመለሱ በኋላ አጸኑላቸው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንጦጦ ጫፍ ቁልቁል ወደ መናገሻ ከተማቸው ሲወርዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉት የራስ አበበ አርበኞች ነበሩ። ጠጉራቸው ያደገ፣ ልብሳቸው ያለቀ፣ ጠመንጃቸው ግን የተወለወለ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በእንጦጦ ሥር ቆመው ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት በዚህ ከተማ ጠመንጃ የያዘ ሰው ምን እንዳደረገ የሚያስታውስ ሁሉ በዚያ ቀን መፍራቱ አልቀረም። በከተማው ውስጥ ብዙ ሺህ የኢጣልያ ተወላጆች ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ነበሩ፤ የእንግሊዝ ጦር አዛዦችም አርበኛው ይበቀላቸዋል ብለው በመስጋት የንጉሠ ነገሥቱን መግባት ከመጋቢት 28 ጀምሮ አዘግይተው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ክፉውን በክፉ እንዳትመልሱ ብለው አዘዙ፤ አርበኛውም ታዘዘ። የ1928ቱና የ1933ቱ ሰው አንድ ሕዝብ ነው፤ ጠመንጃውም አንድ ዓይነት ነው። የተለየው ነገር በሁለተኛው ጊዜ የሚሰማ ትእዛዝና የሚታመን አለቃ መኖሩ ነበር። ስለ ራስ አበበ ጀግንነት ብዙ ተነግሯል፤ በእኛ አስተያየት ግን ያን ቀን ሠራዊታቸውን በሰልፍ አቁመው ያለ ደም መፍሰስ ማሳለፋቸው ከብዙ ድል የሚቈጠር ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ አርበኛውን ምን እናድርገው የሚል ነበር። ጠላት ሲወጣ ጠመንጃው በየሰዉ እጅ ቀርቷል፤ መንገዱ ሁሉ በሽፍታ ተይዟል። መንግሥት በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ ውል ተዋውሎ የጦርና የፖሊስ አሠልጣኞችን አመጣ፤ በዚያው ዓመት የፖሊስ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ቁጥር 6 ሆኖ ታወጀ። የአገር ግዛት ሚኒስቴር ፖሊስን፣ የጦር ሚኒስቴር ወታደርን እንዲይዝ ተወሰነ። በወረቀት ላይ ድንበሩ ጥሩ ሆኖ ተሰመረ። ራስ አበበም የጦር ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

ያ ድንበር ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው በትግራይ ፈረሰ። በ1935 ዓ.ም. ማለቂያና በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወያኔ የተባለው የገበሬ ዐመፅ ተነሣ፤ መሪውም ብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ ነበሩ። የዐመፁ ምክንያት ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሹማምንት በደል፣ የግብሩ አከፋፈል፣ በየአገሩ ሠፍሮ የገበሬውን እህል የሚበላው የጦር ሠራዊት ነበረ። በዚህ ሁሉ ላይ የአገሩ መኳንንት የቀድሞ ሥልጣናቸው መቀነሱ ተጨመረበት። ይህ በመጀመሪያው ቀን የዳኛ፣ የመርማሪና የፖሊስ ጉዳይ ነበር። ጩኸቱን የሰማ ሹም ባለመገኘቱ የጦር ጉዳይ ሆነ። ዐመፀኞቹ ኲሓንና መቀሌን ያዙ፤ በእምባ አላጌ በኩልም ወደ ደቡብ ገፉ። ራስ አበበ የመንግሥቱን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ የእንግሊዝ መኰንኖችም አብረዋቸው ነበሩ። ከዔደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መስከረም 26 እና 28 ቀን መቀሌን በቦምብ ደበደቡ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ ጦርነት የማያውቁ የገበያ ሰዎች ነበሩ። በጥቅምት መጀመሪያ መቀሌ ተያዘች፤ ዐመፁም በረደ።

በዚህ ነገር ላይ ሳንመዝን ማለፍ አይገባንም። መንግሥት ዐመፅን ዝም ብሎ ሊያይ አይችልም፤ ራስ አበበም የታዘዙትን ፈጸሙ፤ በጦር ሥራም ብርቱ እንደ ነበሩ ማንም አይክድም። ነገር ግን የራስን ሕዝብ በባዕድ አውሮፕላን ማስደብደብ ከሐምሌ 1928 ጀምሮ የኢጣልያ አውሮፕላን ሲያሳድዳቸው ለነበሩት ሰው እንግዳ ነገር መሆኑን ማን ይስተዋል? በድል ማግሥት በገበሬው ላይ ከባድ መቀጫ ተጣለ፤ ከራያና ከአዘቦም መሬት ተወሰደ። ራስ አበበ እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ በዚያው በትግራይ አገረ ገዥ ሆነው ቆዩ። ወታደር የመታው ሥፍራ ፖሊስ ገብቶ ቢጠብቀው እንኳ በቀላሉ አይድንም፤ የዚያ ዐመፅ ስም ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በሌላ ትውልድ አፍ እንደገና የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከራስ አበበ ቀጥለው ትግራይን የገዙት ራስ ሥዩም መንገሻ ናቸው፤ የእርሳቸውንም መጨረሻ ከዚህ በታች እንደርስበታለን።

ራስ አበበ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው እንደገና የጦር ሚኒስትር፣ ከ1941 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፤ ከኅዳር 1950 ዓ.ም. ጀምሮም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢ ነበሩ። በዚህ ዘመን ፖሊስ በቁጥርም በትምህርትም አደገ፤ መኰንኖቹ በአባ ዲና ፖሊስ ኮሌጅ ይማሩ ጀመር። ጦሩም እንደዚሁ ተደራጀ፤ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ ስሙን በዓለም አስጠራ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይስተካከል ቀረ። ክቡር ዘበኛ በተግባር የሚታዘዘው ለቤተ መንግሥቱ ነበር። ጦሩ የራሱ አዛዦች ነበሩት፤ ፖሊስ ኮሚሽነሩ፣ የጸጥታው መሥሪያ ቤትም ሹሙ በየፊናቸው በቀጥታ ወደ ላይ ይቀርቡ ነበር። አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ታስቦ የተሠራ ሥርዓት ነበረ። በደመወዝና በልብስ የክቡር ዘበኛው ወታደር ከጦሩ ወታደር ይሻላል ተብሎ ይታማ ስለ ነበር ቅሬታ ነበረ። የመከላከያ ሚኒስትሩ በስም የሁሉ አለቃ ቢሆኑም፣ ሦስቱንም በአንድ ቃል የሚያዝዝ ሚኒስትር አልነበረም።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። የፖሊሱ ኮሚሽነር ብርጋዴር ጀኔራል ጽጌ ዲቡና የጸጥታው ሹም ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ከእነርሱ ጋራ ነበሩ። ሚኒስትሮቹና መሳፍንቱ እቴጌ ታመዋል ተብለው በሌሊት ተጠሩና እንደ መጡ ተያዙ፤ ራስ አበበም ከነዚሁ አንዱ ነበሩ። ከዚያም በስድስት ኪሎው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታሰሩ። እንግዲህ ቤተ መንግሥቱን ሊጠብቅ የተሾመው ዘበኛ፣ ከተማውን ሊጠብቅ የተሾመው ፖሊስ፣ ሤራን ሊመረምር የተሾመው የጸጥታ ሹም በአንድነት ተነሥተው ሲገኙ፣ ማን ማንን ይይዛል? ጥያቄው የቀረው ለጦር ሠራዊቱ ነበር። ሜጀር ጀኔራል መርዕድ መንገሻና ሜጀር ጀኔራል ከበደ ገብሬ ጦሩን አሰባስበው ተቃወሙ፤ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ባስልዮስም ዐመፀኞቹን የሚያወግዝ ቃል አወጡ፤ ወረቀቱም ከአውሮፕላን ተበተነ። ታኅሣሥ 6 እና 7 ቀን በከተማው መካከል ታንክ ከመትረየስ ጋራ ተዋጋ። የተገዳደለው የአንድ ንጉሥ ወታደር ከአንድ ንጉሥ ወታደር ጋራ ነበር፤ በመካከሉ ያለቀው ብዙ ሰው ግን ከማንም ወገን ያልነበረ የከተማው ነዋሪ ነው። በስድስት ኪሎና በጉለሌ በኩል ያለው ሕዝብ ያን ሁለት ቀን ደጁን ዘግቶ የተኩሱን ድምፅ እየሰማ ዋለ።

ጦሩ ወደ ገነተ ልዑል በቀረበ ጊዜ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን፣ ዐመፀኞቹ በአረንጓዴው አዳራሽ የታሰሩትን በመትረየስ ፈጇቸው። ራስ አበበ አረጋይ በዚያ ሞቱ። ራስ ሥዩም መንገሻ በዚያው ክፍል ወደቁ፤ ቀደም ሲል የክቡር ዘበኛው አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጀኔራል ሙሉጌታ ቡሊና አቶ መኰንን ሀብተ ወልድም እንደዚሁ። አምስት ዓመት ሙሉ የኢጣልያ ጦር ሊይዛቸው ያልቻለው ሰው፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ጥቂት በእግር በሚያስኬድ ሥፍራ፣ አርበኞቻቸውን ካሰለፉበት ከእንጦጦ ተዳፋት ሥር፣ በመንግሥታቸው ዘበኛ እጅ ጠፉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሰባት ያህል ነበር።

ጀኔራል ጽጌ በውጊያው፣ ኮሎኔል ወርቅነህና ግርማሜም ከዚያ በኋላ ሞቱ፤ ጀኔራል መንግሥቱ ተይዘው ለፍርድ ከቀረቡ በኋላ በመጋቢት 1953 ዓ.ም. ተሰቀሉ። ንጉሠ ነገሥቱም ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። በዚያው ዓመት ዐመፁን ያበረደው የጦር ሠራዊት ደመወዝ ይጨመርልን ብሎ በሰልፍ ጠየቀ፤ መንግሥትም ጨመረ። ከዚያ አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሠፈሩ ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለ ውኃቸው አቤት ብለው የሚሰማቸው ቢያጡ፣ ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ጀኔራል ይዘው ከሚበሉት እህል አበሏቸው።